አንድ ሊትር ውኃ፦ ተቅማጥን በቤት የማከም ሳይንስ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀው፣ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» እያለ የሚጠራው ጎዳና የጉናን ተራራ ታክኮ ንፋስ መውጫ ከተማ ይደርሳል። የላይ ጋይንት፣ የታች ጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ምድር ከዚህ የደጋ አምባ አንሥቶ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ቆላ የሚወርድ፣ በጥልቅ ሸለቆዎች የተቆራረጠ አገር ነው። በካርታ ላይ በማስመሪያ ቢለካ አምስት ኪሎ ሜትር የማይሞላ ርቀት፣ በእግር ሲኬድ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ አቀበቱን ወጥቶ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ደግሞ መንገዱ ጨርሶ የሚዘጋበት ጊዜ አለ።

በዚህ አገር አንድ ሕፃን ሌሊት ተቅማጥ ያዘው እንበል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሁለት ነገሮች እኩል ይቆጠራሉ። አንደኛው የሕፃኑ ሰውነት ውኃ እስኪያልቅ ያለው ጊዜ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሕፃኑን አዝሎ ጤና ጣቢያ ለመድረስ የሚወስደው ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ከሁለተኛው ቀድሞ ያለቀ እንደሆነ ሐኪሙ የቱንም ያህል የተማረ ቢሆን ሊያደርግ የሚችለው ነገር የለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ጊዜ ማራዘም የሚቻለው በቤት ውስጥ፣ በእናት እጅ መሆኑን፣ ይህም ቀላል የሚመስል ሥራ ጥብቅ ሳይንስ ያለው መሆኑን ለአንባቢያን ማስረዳት ነው።

የፊዚክስ መምህር ስለ ሕፃናት ተቅማጥ መጻፍ ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱ አጭር ነው። ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን የሚገድለው በአብዛኛው የውኃና የጨው ሒሳብ መዛባት ነው፤ የሚያድነውም የዚያው ሒሳብ መስተካከል ነው። መጠን፣ ክምችት፣ ግፊትና ልኬት ደግሞ የፊዚክስ የዕለት ተዕለት ቋንቋዎች ናቸው።

የውኃ ሒሳብ

የሰው አካል አብዛኛው ክፍል ውኃ ነው። ክብደቱ 10 ኪሎ ግራም የሆነ የአንድ ዓመት ልጅ በሰውነቱ ውስጥ 6 ሊትር ገደማ ውኃ ይዟል። በተቅማጥና በማስመለስ ምክንያት የክብደቱን 5 ከመቶ፣ ማለትም ግማሽ ሊትር ያህል ሲያጣ የፈሳሽ እጥረት ምልክቶች መታየት ይጀምራሉ፦ ይነጫነጫል፣ ውኃ ውኃ ይላል፣ ዓይኑ ይሰረጉዳል። ያጣው ፈሳሽ 10 ከመቶ፣ ማለትም አንድ ሊትር ሲደርስ ግን ነገሩ ከባድ ነው። ልጁ ይዝላል፤ መጠጣት ያቅተዋል፤ የሆዱ ቆዳ ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ቶሎ ወደ ቦታው አይመለስም፤ ደሙ እየቀነሰ ስለሚሄድ ልብና ኩላሊት ሥራቸውን ወደ ማቆም ይቃረባሉ።

ይህ አኃዝ በሰዓት ሲመነዘር ምን እንደሚመስል በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አንድ ሕፃን በአንድ ቀንና ሌሊት 10 ጊዜ ቢያስቀምጠውና በእያንዳንዱ ጊዜ በአማካይ 75 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ቢያጣ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚወጣው ፈሳሽ 750 ሚሊ ሊትር ይሆናል። የ10 ኪሎው ልጅ በአንድ ቀን የክብደቱን 7.5 ከመቶ አጣ ማለት ነው። በሌላ በኩል ክብደቱ 60 ኪሎ ለሆነ ጎልማሳ ይኸው መጠን ከአንድ ከመቶ ትንሽ የሚበልጥ ነው። አንዱን በሽታ አዋቂው ሥራ ሳይፈታ የሚያሳልፈው፣ ሕፃኑ ግን የሚሞትበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከዚህ ስሌት ሌላም ቁም ነገር ይገኛል። በየጊዜው የሚወጣው 75 ሚሊ ሊትር በየጊዜው ከተተካ ሒሳቡ አይጎድልም። የሕክምናው መሠረተ ሐሳብ ይኸው ነው፤ የወጣውን ያህል መመለስ። ችግሩ ግን የተቆጣ አንጀት ብቻውን የተሰጠውን ውኃ እንደ ወትሮው የማይቀበል መሆኑ ላይ ነው።

ስኳር ለጨው በር ሲከፍት

ለረጅም ዘመን ሐኪሞች ተቅማጥ የያዘውን ሰው አንጀት እንደ ቀዳዳ እንስራ ይመለከቱት ነበር። ከላይ ቢሞሉት ከታች ያፈሳልና መድኃኒቱ በደም ሥር በመርፌ የሚሰጥ ፈሳሽ ብቻ እንደሆነ ይታመን ነበር። ይህን አስተሳሰብ የለወጠው እ.ኤ.አ. በ1960 በፕራግ በተደረገ ስብሰባ ላይ አሜሪካዊው የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ሮበርት ክሬን ያቀረበው ሐሳብ ነው። እንደ ክሬን ገለጻ የትንሹ አንጀት ሕዋሳት ግሉኮስን ወደ ውስጥ የሚያስገቡት ከሶዲየም ጋር አጣምረው ነው። በሕዋሱ ገለፈት ላይ ያለው አጓጓዥ ፕሮቲን ሁለት ቁልፍ እንዳለው በር ነው፤ አንዱ ቁልፍ ስኳር፣ ሌላው ጨው ሲሆን፣ ሁለቱ አብረው ሲገኙ በሩ በሚገባ ይከፈታል። ስኳሩና ጨው ወደ ውስጥ ሲገቡ ውኃው በኦስሞሲስ ሕግ ተከትሏቸው ይገባል።

በኋላ የተደረጉ ምርምሮች እንዳረጋገጡት ኮሌራን የመሰሉ ተሐዋስያን አንጀት ውኃ እንዲያፈስ ቢያደርጉም ይህን በር ግን አይዘጉትም። ስለዚህ ልጁ በብርቱ በሚያስቀምጠው ጊዜ እንኳ ስኳርና ጨው በትክክለኛ መጠን የተሟሙበት ውኃ ቢጠጣ ከሚያፈሰው በላይ ሊቀበል ይችላል። ዛሬ በየጤና ኬላው በከረጢት የሚሰጠው ኦ.አር.ኤስ፣ በአማርኛ «ሕይወት አድን ንጥረ ነገር» የሚባለው ዱቄት የተመሠረተው በዚህ ግኝት ላይ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በሚያጸድቁት ቀመር መሠረት ለአንድ ሊትር የሚሆነው ከረጢት 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም የገበታ ጨው፣ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ትራይሶዲየም ሲትሬት ይይዛል። ድምሩ 20.5 ግራም ነው። በአንድ ሊትር ውኃ ሲሟሟ የሶዲየምና የግሉኮስ መጠን እኩል፣ እያንዳንዳቸው 75 ሚሊ ሞል ይሆናሉ። የሟሙት ቅንጣቶች ጠቅላላ ክምችት ደግሞ በሊትር 245 ሚሊ ኦስሞል ነው። ቀድሞ ይሠራበት የነበረው ቀመር 311 ሚሊ ኦስሞል ነበረ፤ ቀጠን ያለው የተሻለ ሆኖ በመገኘቱ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ተለውጧል።

ግማሽ ሊትር ወይስ አንድ ሊትር?

«በአንድ ሊትር ውኃ በጥብጠሽ አጠጪው» የሚለው መመሪያ ለብዙ ሰው እንደ ወጥ ቤት ምክር ይሰማል፤ ቢወፍር ቢቀጥን የጣዕም ጉዳይ ይመስላል። ፊዚክሱ ግን ሌላ ነው።

የደማችን ክምችት በሊትር 290 ሚሊ ኦስሞል አካባቢ ነው። የኦስሞሲስ ግፊት የሚሰላው ክምችትን በጋዝ ቋሚና በፍጹም ሙቀት መጠን በማባዛት ስለሆነ፣ በሰውነት ሙቀት ማለትም በ310 ኬልቪን የደም ግፊት በዚህ ረገድ 7.4 አትሞስፌር፣ የኦ.አር.ኤስ ደግሞ 6.2 አትሞስፌር ያህል ይሆናል። ልዩነቱ ከአንድ አትሞስፌር ትንሽ ይበልጣል፤ ይህም ከ10 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የውኃ ዓምድ የሚፈጥረው ግፊት ነው። አቅጣጫው ከአንጀት ወደ ደም ስለሆነ ለልጁ ይጠቅመዋል።

አሁን ያው ከረጢት በግማሽ ሊትር ውኃ ተበጠበጠ እንበል። ክምችቱ እጥፍ፣ ማለትም 490 ሚሊ ኦስሞል ይሆናል። ይህ ከደም በ200 ስለሚበልጥ ግፊቱ አቅጣጫውን ይገለብጣል፤ መጠኑም ወደ 5 አትሞስፌር፣ ወይም ከ50 ሜትር የውኃ ዓምድ ጋር የሚስተካከል ይሆናል። ስሌቱ ገለፈቱን ውኃ ብቻ እንደሚያሳልፍ አድርጎ የሚወስድ በመሆኑ ሕያው አንጀት ላይ እንዳለ አይሠራም፤ የሚያሳየው አቅጣጫ ግን ትክክል ነው። ልጁ እንዲድን የተሰጠው መጠጥ ከገዛ ሰውነቱ ውኃ ወደ አንጀቱ ይስባል፤ ተቅማጡ ይብሳል፤ በደሙ ውስጥ ያለው ጨውም ከልክ አልፎ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። በተቃራኒው ከረጢቱ በሁለት ሊትር ቢበጠበጥ ጨውና ስኳሩ ስለሚሳሱ የወጣውን ጨው የመተካት ኃይሉ ይዳከማል። እጅግ የጣፈጡ ለስላሳ መጠጦች ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የማይመከሩትም በዚሁ የኦስሞሲስ ምክንያት ነው።

እንግዲህ በሕይወትና በሞት መካከል ያለው ነገር አንዳንድ ጊዜ የዕቃ መጠን ነው። በገጠር ቤት ውስጥ ደግሞ ምልክት ያለው መለኪያ የለም። ጣሳ፣ ቅል፣ ማሰሮ፣ ብርጭቆና ባዶ የ«ሃይላንድ» ጠርሙስ ይገኛል፤ ጠርሙሱም ግማሽ ሊትር፣ አንድ ሊትር ወይም ሁለት ሊትር ሊሆን ይችላል። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የቢራ ጠርሙስ ከተገኘ ሦስቱ 990 ሚሊ ሊትር ስለሚሆኑ ለሥራው በቂ ልኬት ነው። ዋናው ነገር ዕቃው ምንም ይሁን ምን አንድ ጊዜ በትክክል ተለክቶ ምልክት እንዲደረግበት ነው።

ከቤተ ሙከራ ወደ መጠለያ ጣቢያ

የክሬን ሐሳብ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ በሽተኛ ዘንድ ለመድረስ ስምንት ዓመት ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. በ1968 በዳካ የኮሌራ ምርምር ቤተ ሙከራ ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ የተባሉ ወጣት ሐኪሞች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ በአፍ የሚሰጥ የስኳርና የጨው ፈሳሽ በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ ፍላጎት እጅግ እንደሚቀንስ አሳዩ። ያም ሆኖ ሕክምናው በሠለጠነ ሐኪም እጅ ብቻ የሚሰጥ ነው የሚለው አመለካከት ጸንቶ ቆየ።

ያንን አመለካከት የሰበረው እ.ኤ.አ. የ1971 የባንግላዴሽ ጦርነት ነው። ከጦርነቱ የሸሹ ስደተኞች በሕንድ ድንበር በቦንጋዮን ሲከማቹ ኮሌራ ገባ። በዚያ የነበረው ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ባለቀበት ጊዜ ጨው፣ ግሉኮስና ሶዳ በበርሜል አስበጥብጦ የበሽተኞቹ እናቶችና ዘመዶች በጽዋ እየቀዱ እንዲያጠጡ አደረገ። ከመቶ 30 ይደርስ የነበረው ሞት ከመቶ 4 በታች ወረደ። የሕክምናው አዲስነት ፈሳሹ ብቻ አልነበረም፤ ፈሳሹን የሚሰጠው ሰው ማንነትም ነበረ። ጽዋውን የያዘችው ነርስ ሳትሆን እናት ነበረች። ላንሴት የተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጣው ርእሰ አንቀጽ የስኳርና የጨው ጥምረት መገኘት ምናልባት የክፍለ ዘመኑ ከሁሉ የላቀ የሕክምና እመርታ ሊሆን እንደሚችል ገልጿል።

ማስተማርም ይለካል

ግኝት አንድ ነገር ነው፤ ማዳረስ ሌላ። ባንግላዴሽ ውስጥ ብራክ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1990 ባሉት ዓመታት ከ12 ሚሊዮን በላይ ለሆኑ ቤተሰቦች እናቶች ከቤት ወደ ቤት እየዞረ አስተማረ። መምህራኑ በአብዛኛው ከገጠር የተመለመሉ ሴቶች ነበሩ። ትምህርቱ በሦስት ጣት የተቆነጠረ ጨውና አንድ ጭብጥ ያልተጣራ ስኳር በግማሽ ሊትር ገደማ ውኃ መበጥበጥ ነበር። ሠራተኛዋ በእናቲቱ የገዛ ዕቃ ላይ ውኃው የሚደርስበትን ልክ ምልክት ታደርግላታለች፤ ከዚያም እናቲቱ ራሷ በፊቷ ትበጠብጣለች።

ለሳይንስ ተማሪ ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የደመወዙ አከፋፈል ነው። ሠራተኛዋ የምትከፈለው በጎበኘችው ቤት ብዛት አልነበረም። ከሳምንታት በኋላ ሌላ ተቆጣጣሪ ከተማሩት እናቶች ጥቂቶቹን በዕጣ እየመረጠ ይጠይቅ ነበር፤ የተማረችውን ታስታውሳለችን? በትክክል ትበጠብጣለችን? የተበጠበጠውም ፈሳሽ ናሙናው ቤተ ሙከራ ሄዶ ይመረመር ነበር። ክፍያው የሚወሰነው በውጤቱ ነው። እናቲቱ ባታውቅ የሚጎድለው የመምህርቷ ደመወዝ እንጂ የእናቲቱ ክብር አልነበረም። መጀመሪያ ላይ ብዙ እናቶች ትምህርቱን እያወቁት አይጠቀሙበትም ነበር። ምክንያቱ ሲፈለግ ከሠራተኞቹም መካከል በፈሳሹ የማያምኑ እንዳሉ ታወቀ፤ ስለዚህ አሠራሩ ለምን እንደሚያድን ለእነርሱም ተብራራላቸው። ወንዶችም ከትምህርቱ ውጭ መቅረታቸው ስለታየ በመስጊድና በገበያ ስብሰባ እንዲሳተፉ ተደረገ።

እኛም አገር ተመሳሳይ ማስረጃ አለ። በትግራይ 24 ጣቢያዎች በተመረጡበት አንድ ጥናት፣ ከእናቶች መካከል የተመረጡ አስተባባሪዎች ጎረቤቶቻቸውን የልጆች ወባ ምልክት እንዲለዩና በወቅቱ ይሠራ የነበረውን ክሎሮኪን በቤታቸው እንዲሰጡ አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ2000 በላንሴት በታተመው ውጤት መሠረት ትምህርቱ በተሰጠባቸው ጣቢያዎች ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ሞት በ40 ከመቶ ቀንሷል። በሽታው ወባ እንጂ ተቅማጥ አልነበረም፤ ዘዴው ግን አንድ ነው። ማንበብና መጻፍ የማትችል የገጠር እናት በሚገባ ከተማረች የራሷን ልጅ ሕይወት በራሷ ቤት ማዳን ትችላለች።

በጎንደር ምድር

ጎንደር ለዚህ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 በጎንደር ከተማ የተመሠረተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማእከል የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የንጽሕና ባለሙያዎችን በቡድን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ለእያንዳንዱ ቀበሌ ሁለት ሁለት ሴት ሠራተኞች መድቦ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ከ30 ሺህ በላይ ወጣት ሴቶችን አሠማርቷል። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2013 ጀምሮም ብርቱ የሕፃናት ተቅማጥ የሚያመጣው የሮታ ቫይረስ ክትባት ለኢትዮጵያ ሕፃናት መሰጠት ጀምሯል። ከእነዚህና ከሌሎች ጥረቶች ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ከ1,000 ሕፃናት 166 የነበረው ከአምስት ዓመት በታች ሞት በ2016 ወደ 67 ወርዷል።

ቢሆንም ሥራው አላለቀም። በዚያው በ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከጥያቄው በፊት በነበሩት ሁለት ሳምንታት ከመቶ 12 ያህሉ ሕፃናት ተቅማጥ ይዟቸው ነበር። ከእነዚህ ውስጥ የከረጢቱን ኦ.አር.ኤስ ያገኙት ከመቶ 30 ገደማ ብቻ ናቸው። በዓለም አቀፍ ደረጃም በተቅማጥ በየዓመቱ የሚሞቱት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት አሁንም ከ400 ሺህ በላይ ናቸው። መድኃኒቱ ርካሽ፣ እውቀቱም የቆየ ሆኖ ሳለ እንዲህ መሆኑ ሊያስቆጨን ይገባል።

እንቅፋቱ ምንድን ነው ቢባል አንዱ ርቀት ነው፤ ሁለተኛው ድህነት ነው። ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ለረጅም ዓመታት በምግብ እጥረት የሚታወቁና የሴፍቲኔት ድጋፍ የሚደርሳቸው ወረዳዎች ናቸው። በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን በተቅማጥ ቶሎ ይጠቃል፤ ተቅማጡም መልሶ ይበልጥ ያከሳዋል። ሦስተኛው ስለ በሽታው ያለው ልማዳዊ አስተሳሰብ ነው። ተቅማጡን «ጥርስ ሲያወጣ ነው» ብሎ መተው፣ «ውኃ ከሰጠነው ይብስበታል» ብሎ ማስጠማት፣ ድድ አስቀድዶ «ግግ» ማስወጣት፣ እንጥል ማስቆረጥ በሰሜን ኢትዮጵያ በብዙ ቦታ የሚታወቁ ናቸው። ድድ መቅደድና እንጥል መቁረጥ ደም መፍሰስና መመረዝ ያስከትላሉ፤ ማስጠማቱ ደግሞ ያንን የጎደለ ሒሳብ ይበልጥ ያጎድለዋል።

ይሁን እንጂ እነዚህን ልማዶች በንቀት ማየት ሳይንሳዊ አይደለም። «ውኃ ስሰጠው ይብስበታል» የምትል እናት የምትናገረው ያየችውን ነው፤ ልጇ በጠጣ ቁጥር ያስቀምጠዋልና። ኦ.አር.ኤስም ቢሆን ተቅማጡን ወዲያው አያቆምም፤ የሚያቆመው የውኃውን ማለቅ ነው። ይህ በግልጽ ያልተነገራት እናት በሁለተኛው ቀን «መድኃኒቱ አልሠራም» ብላ ብትተወው አይፈረድባትም። ስለዚህ የመጀመሪያው የትምህርት ነጥብ «ተቅማጡ ለጥቂት ቀናት ሊቀጥል ይችላል፤ አንቺ የምትጠብቂው ውኃው እንዳያልቅ ነው» የሚል መሆን አለበት። በቤቱ ውስጥ ቃላቸው የሚሰማ አያቶች፣ አባትና የንስሐ አባትም ይህን አብረው ቢሰሙ እናቲቱ ብቻዋን ከመከራከር ትድናለች።

እናት ልታውቀው የሚገባ

የጤና ባለሙያዎች የሚመክሩት የቤት ውስጥ ክብካቤ ጥቂት ነጥቦች አሉት።

አንደኛ፣ ፈሳሽ ከወትሮው አብልጦ መስጠት ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ያለው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ኦ.አር.ኤስ ይጠጣል። በጡጦ ሳይሆን በንጹሕ ስኒና በማንኪያ፣ ቀስ በቀስ ይሰጠዋል። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ቆይቶ፣ ይበልጥ በዝግታ መቀጠል ነው። የተበጠበጠው ፈሳሽ ተከድኖ ይቀመጣል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል።

ሁለተኛ፣ ጡትም ሆነ ምግብ አለማቋረጥ ነው። ጡት የሚጠባ ሕፃን ደጋግሞ ይጥባ። ስድስት ወር የሞላው ልጅ የገብስ አጥሚት፣ የሩዝ ውኃ ወይም ሾርባ ቢጠጣ ይጠቅመዋል፤ የእህሉ ስታርች በአንጀት ውስጥ ወደ ግሉኮስ ስለሚለወጥ ያንኑ በር ይከፍታልና። ጥቂት ጨው ሲጨመርበት ይበልጥ ይሠራል።

ሦስተኛ፣ ዚንክ ነው። ከጤና ኬላው የሚሰጠው የዚንክ ክኒን ስድስት ወር ለሞላው ልጅ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ላልሞላው 10 ሚሊ ግራም ሆኖ ከ10 እስከ 14 ቀን ይወሰዳል። ተቅማጡ ቢቆምም ክኒኑ ሊቋረጥ አይገባም።

አራተኛ፣ ከረጢቱ በማይገኝበት ጊዜ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መስጠት ይቻላል። ማንኪያው የተከመረ ሳይሆን አፉ እኩል የተስተካከለ መሆን አለበት። ከመስጠት በፊት መቅመስ ይገባል፤ ከእንባ የበለጠ ጨዋማ ከሆነ ይደፋና እንደገና ይበጠበጣል።

አምስተኛ፣ ወደ ጤና ተቋም ሳይዘገዩ የሚያስኬዱ ምልክቶችን ማወቅ ነው። ልጁ መጠጣት ወይም መጥባት ካቃተው፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ከፈዘዘ ወይም ራሱን ከሳተ፣ ካንቀጠቀጠው፣ በሰገራው ደም ከታየ፣ ዓይኑና እርግብግቢቱ ከተሰረጎዱ የቤት ክብካቤ ብቻውን አይበቃውም። በመንገድም ላይ መጠጣት ከቻለ ፈሳሹ እየተሰጠው ይሂድ።

ስለ ውኃውም አንድ የፊዚክስ ነጥብ ማከል ተገቢ ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ አካባቢ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ 70 ከመቶ ያህል ስለሆነ፣ በጉና ዙሪያ ባለው ደጋ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ታዲያ ተሐዋስያኑ ይሞታሉን? አዎን፤ ተቅማጥ አምጪዎቹ ከዚህ ባነሰ ሙቀትም ስለሚሞቱ ችግር የለም። ሆኖም በከፍታ ቦታ ውኃው ከተንተከተከ በኋላ ለሦስት ደቂቃ ያህል እንዲቆይ ይመከራል። ዱቄቱ የሚጨመረው ውኃው ከቀዘቀዘ በኋላ ሲሆን፣ ከተበጠበጠ በኋላ መፍላት የለበትም፤ ቢፈላ ውኃው ተንኖ ክምችቱን ይለውጠዋል። ማገዶ ጠፍቶ ማፍላት ካልተቻለ ግን ከተገኘው ሁሉ ንጹሕ በሆነው ውኃ መበጥበጥ ልጁን ከማስጠማት እጅግ ይሻላል።

መንገድ ሲዘጋ

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2021 ጦርነቱ ንፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ በከተማይቱ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። ከ2023 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተስፋፋው ግጭትም በብዙ ቦታ መንገድ እየተዘጋ፣ የመድኃኒት አቅርቦትም እየተቋረጠ ሕዝቡ ተቸግሯል። እንዲህ ባለ ጊዜ ሐኪሙ ከከተማ መውጣት፣ በሽተኛውም ከመንደር መምጣት አይችልም። የመድኃኒት መጋዘን ሊዘረፍ ይችላል፤ በእናት አእምሮ ውስጥ ያለ እውቀት ግን የሚዘርፈው የለም። እናቶችን ማስተማር የሐኪም እጥረት ላለበት አገር የተፈለገ ጊዜያዊ ማስታገሻ አድርገው የሚያዩ ሰዎች አሉ። ቦንጋዮንም ሆነ የትግራዩ ጥናት የሚያሳዩት ግን ለእንዲህ ዓይነቱ በሽታ ከሁሉ የቀደመው የሕክምና ተቋም ቤት መሆኑን ነው። ጤና ጣቢያውና ሆስፒታሉ ቤት ያልቻለውን ለመርዳት የግድ ያስፈልጋሉ፤ ቤቱ ካልሠራ ግን የሚደርሳቸው ሕፃን ጊዜው ያለፈበት ይሆናል።

ይህን መጽሔት ከሚያነብቡ ተማሪዎች ብዙዎቹ ከገጠር የመጡ፣ ለዕረፍትም ወደዚያው የሚመለሱ ናቸው። በትምህርት ቤት ስለ ክምችት፣ ስለ ኦስሞሲስና ስለ ልኬት ስሕተት የተማሩትን ሥራ ላይ ለማዋል ከዚህ የቀረበ አጋጣሚ አያገኙም። ሥራው ከአንድ ከሰዓት በኋላ አይፈጅም። መጠኑ በላዩ የተጻፈበት ጠርሙስ ይዞ በቤት ያለውን ጣሳ፣ ማሰሮና ብርጭቆ መለካት፣ አንድ ሊትር የሚደርስበትን ቦታ በማይለቅ ቀለም ወይም በምስማር ምልክት ማድረግ፣ ስኒውም ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚይዝ ማወቅ ነው። ከዚያ ጎረቤት ለቡና ሲሰበሰብ ለእናት፣ ለእኅትና ለአክስት ማሳየት፣ ከሁሉም በላይ እነርሱ ራሳቸው በጥብጠው እንዲያሳዩ መጠየቅ ይገባል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ «እስቲ እንደገና አሳዩኝ» ማለትም አይረሳ። የሚያስታውሱት ስንቶቹ ናቸው? የተሳሳቱትስ በየትኛው እርምጃ ላይ ነው? መልሱ በማስታወሻ ተይዞ ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቢሰጥ፣ በየትኛው ቤት ምን መደገም እንዳለበት ታውቅበታለች።